ጋቢዮን ለተራራማ ተፋሰስ፦ ከመግዛት በፊት ሊታዩ የሚገባቸው ነገሮች

በተራራማ ወረዳዎቻችን ቦረቦር ማሳ መቁረጥ ሲጀምር፣ ደራሽ ጎርፍ ድልድይ ሲያሰጋ ወይም ከመንገድ በላይ ያለ ተዳፋት መናድ ሲይዝ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበርም፣ የወረዳው የተፋሰስ ባለሙያም፣ የመንገድ ተቋራጩም ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት አንድ ዕቃ ነው፤ ጋቢዮን፣ ማለትም በድንጋይ የሚሞላ የሽቦ መረብ ሳጥን። ጥያቄው በጽሑፍ ሲቀርብ የሚሰፍረው የሳጥን ብዛት ብቻ ሲሆን፣ የሽቦው ውፍረት፣ የቅቡ ዓይነትና የሚተከልበት አፈር ሳይነሡ ይቀራሉ። በተፋሰስ ሥራ ላይ የቆየሁ ባለሙያ ስለሆንሁ ይህ ክፍተት የሚያስከትለውን ኪሳራ በየክረምቱ አያለሁ፤ ስለዚህ በገበያችን የሚገኙትን የጋቢዮን ዓይነቶች እንደ ማንኛውም የሚገዛ ዕቃ ልገመግማቸው ወደድሁ።

ፍርዴን አስቀድሜ ላስቀምጥ። ጋቢዮን በትክክለኛው ቦታ ሲውል ዋጋውን የሚመልስ ጥሩ ዕቃ ነው፤ የጎርፍን ጉልበት ይሰብራል፣ ደለል ይይዛል፣ መሬቱ ትንሽ ሲሰጥም እንደ ሲሚንቶ ግንብ ሳይሰነጠቅ አብሮ ይሰጥማል። ሆኖም ከሱቅ የሚወጣው ባዶ ሽቦ ነው፤ ክትር የሚሆነው በመሠረቱ፣ በድንጋዩና በማሰሪያው ነው። ትልቅ ናዳን ያቆማል ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ካለ ግን አይመኑት።

ለማያውቁት ባጭሩ ለመግለጽ፣ ጋቢዮን ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ ካለው የሽቦ መረብ የተሠራ፣ ታጥፎ በጥቅል የሚመጣና ሥራ ቦታ ላይ ተዘርግቶ ሳጥን የሚሆን ዕቃ ነው። በብዛት የሚገኘው 2 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ወርድና 1 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን መካከሉ ላይ መከፋፈያ መረብ አለው። ባዶውን አንድ ሰው ተሸክሞ ገደል ይወጣበታል፤ በድንጋይ ሲሞላ ግን ከ3 ቶን በላይ ይመዝናል። ተሽከርካሪ በማይደርስበት ተፋሰስ ሲሚንቶና አሸዋ በአህያ ከማጓጓዝ ይልቅ ቀላሉን ሽቦ ወስዶ ከባዱን ድንጋይ እዚያው መሰብሰብ መቻሉ የዕቃው ትልቁ ብልጫ ነው። የሽቦ ጋቢዮን ለወንዝ ሥራ መዋል የጀመረው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ በጣሊያን፣ ከቦሎኛ ከተማ አጠገብ በሬኖ ወንዝ ላይ ሲሆን፣ የዕቃው መሠረታዊ አሳብ ከዚያ ወዲህ ብዙም አልተለወጠም።

በገበያችን ሦስት ዓይነት ይገኛል። የመጀመሪያው በፋብሪካ ማሽን ሁለት ጊዜ ተጠማዝዞ የተሠራው ነው። የተለመደው መስፈርት የመረቡ ቀዳዳ 8 በ10 ሴንቲ ሜትር፣ የመረቡ ሽቦ 2.7 ሚሊ ሜትር፣ የጠርዙ ሽቦ 3.4 ሚሊ ሜትር፣ ማሰሪያው ደግሞ 2.2 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ይጠይቃል። በዚህ ውፍረት ላይ የዚንኩ ቅብ በካሬ ሜትር 245 ግራም ያህል መሆን አለበት፤ ለአጥር የሚሸጠው ተራ ሽቦ ከዚህ በጣም ያነሰ ዚንክ ስላለው በጥቂት ክረምት ይዝጋል። የድርብ ጥምዘዛው ጥቅም የሚታየው አንድ ሽቦ ሲበጠስ ነው፤ በጎርፍ የተወረወረ ድንጋይ አንዱን ዓይን ቢቆርጠው ጎረቤቶቹ ጥምዘዛዎች ይይዙታል፣ መረቡም እንደ ሹራብ አይተረተርም። ይህን ለመፈተን ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ከጥቅሉ አንዱን መርጦ መሐል ላይ አንድ ሽቦ በፒንሳ መቁረጥና ግራና ቀኝ መጎተት ይበቃል። ቀዳዳው ሰፍቶ ከቆመ ደኅና ነው፤ እየሮጠ ከተፈታ ግን ዕቃውን ለሻጩ መመለስ ይሻላል። ቅቡን ደግሞ ሽቦውን በራሱ ላይ ጠምጥሞ በጣት በማሸት ማየት ይቻላል፤ ዚንኩ እየተላጠ ከጣት ጋር ከመጣ ቅቡ ሽቦውን አልያዘም ማለት ነው።

ሁለተኛው በአገር ውስጥ በአነስተኛ ማኅበራት የሚሠራው ነው። ወጣቶቹ በእንጨት ገበታ ላይ በተመቱ ምስማሮች ዙሪያ ሽቦውን እየጠመዘዙ ይሠሩታል፤ ለብዙዎች የእንጀራ ምንጭ ስለሆነና ለወረዳውም ቅርብ ስለሆነ እኔ በመርሕ ደረጃ እደግፈዋለሁ። ከእጅ የወጣ ጥሩ ሥራ ከፋብሪካው ብዙም ሳያንስ ዓመታትን ሲያገለግል አይቻለሁ። ችግሩ ወጥ አለመሆኑ ነው። ከአንድ ማኅበር በአንድ ቀን የመጡ ሳጥኖች አንዱ ጠበቅ ያለ ጥምዘዛ፣ ሌላው ደግሞ በእጅ ሲሳብ የሚላላ ዓይን ይኖራቸዋል፤ ቀዳዳው ሲሰፋ ደግሞ ትንንሹ ድንጋይ ከውኃው ጋር እየወጣ ሳጥኑ ሆዱ ይጎድላል። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ አቅራቢ በሰነዱ ላይ 2.7 ሚሊ ሜትር ብሎ ያስገባው ሽቦ በካሊፐር ሲለካ 2.2 ሆኖ አግኝተነዋል። ልዩነቱ ለዓይን ኢምንት ይመስላል፤ ነገር ግን የሽቦ ጥንካሬ ከዲያሜትሩ ሳይሆን ከተቆረጠው ፊቱ ስፋት ጋር ስለሚሄድ ከጥንካሬው ሲሦው ተወስዷል። ስለዚህ በእጅ የተሠራ ጋቢዮን የሚገዛ ካሊፐር ይዞ ይሂድ፤ ውድ መሣሪያ አይደለም።

ሦስተኛው በብየዳ የተገጣጠመ ጠንካራ መረብ ሲሆን ለግቢ አጥርና ለከተማ ማስዋቢያ ያምራል፤ ለቦረቦር ግን አልመክረውም፤ መሬቱ ሲሰጥም አይታጠፍም፣ ብየዳው ይላቀቃል። በፕላስቲክ የተሸፈነውም ዓይነት ጨዋማ ወይም አሲዳማ ውኃ ባለበት ቦታ ይጠቅማል እንጂ፣ በደጋ ጅረት ላይ የተሳለ ድንጋይ ሽፋኑን ስለሚልጠው ተጨማሪ ወጪው አያዋጣም።

አንዳንድ ባልደረቦች ጋቢዮን ጨርሶ አያስፈልግም፣ ደረቅ የድንጋይ ክትር ይበቃል ይላሉ። ለትንሽ ቦረቦር እውነታቸውን ነው፤ ሽቦ ማባከን አይገባም። ነገር ግን በትግራይ 400 ያህል ደረቅ የድንጋይ ክትሮች የተመረመሩበት ጥናት ከሁለት ዓመት በኋላ 39 በመቶ የሚሆኑት ፈርሰው እንዳገኘ፣ የመፍረሱም ዕድል ከላይ የሚሰበሰበው ውኃ መጠንና የቦረቦሩ ተዳፋትነት ሲጨምሩ አብሮ እንደሚጨምር ማስታወስ ይገባል። ስለዚህ የእኔ አካሄድ የላይኛውን ቀጭን ክፍል በደረቅ ድንጋይና በቁጥቋጦ ክትር መያዝ፣ ውኃው የሚሰባሰብበትንና ተዳፋቱ የሚበረታበትን ጥቂት ቦታ ብቻ በጋቢዮን ማሰር ነው። በዚህ መንገድ ወረዳው የጠየቀው የሳጥን ብዛት ብዙ ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ እርሱም አተካከሉ ነው። የወደቁ ጋቢዮኖችን ስመረምር ሽቦው ተበጥሶ የወደቀ እጅግ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ሳጥኑ ሙሉ ሆኖ፣ ድንጋዩም ሳይነካ፣ ውኃው በጎኑ ወይም በሥሩ ዞሮት የቀረ ነው። አንዱን በቅርብ ላሳይ። በሰሜን ሸዋ ደጋ በአንድ ቦረቦር ላይ የተተከለ ባለ ሁለት ደረጃ ክትር ነበር፤ ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ ሄደን ስናየው ሳጥኖቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ ከኋላቸውም እርጥብ ደለል ተኝቷል። በግራው ትከሻ ግን ሳጥኑ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቡጢ የምታስገባ ቀዳዳ ነበረች፤ ከውስጧ ቡናማ ውኃ በቀስታ ይንቆረቆራል። ትከሻው ወደ ዳሩ የገባው አንድ ክንድ እንኳ አልሞላም ነበር። ሥራው በወቅቱ ስላልተጠገነ ክረምቱ ሳያልቅ ያች ቀዳዳ አዲስ ቦረቦር ሆነች፤ ክትሩም በደረቅ መሬት መሐል እንደ ሐውልት ቆሞ ቀረ።

ይህ እንዳይሆን መሠረቱ ቢያንስ ግማሽ ሜትር መቆፈር፣ የግራና የቀኝ ትከሻዎችም ቢያንስ ግማሽ ሜትር፣ በልል አፈር ላይ ደግሞ 1 ሜትርና ከዚያ በላይ ወደ ዳሩ መግባት አለባቸው። ውኃው በመሐል እንዲያልፍ መሐሉ ከትከሻዎቹ ዝቅ ብሎ ማፍሰሻ ሊኖረው ይገባል፤ ይህን ረስቶ አናቱን እንደ አጥር ቀጥ አድርጎ የሚሠራ ግንበኛ ጎርፉን ወደ ዳሩ ይልከዋል። ከማፍሰሻው የሚወድቀው ውኃ መሠረቱን እንዳይቆፍር ከታች የከፍታውን አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ርዝመት ያለው የድንጋይ ንጣፍ፣ ባለሙያዎቹ አፕሮን የሚሉት፣ መዘርጋት አለበት። ከኋላው ደግሞ በደቃቅ አፈር ላይ ከሆነ አፈር ይዞ ውኃ የሚያሳልፍ ጂኦቴክስታይል ጨርቅ ወይም እየደቀቀ የሚሄድ የጠጠር ንብርብር ያስፈልገዋል፤ አለበለዚያ ውኃው በድንጋዮቹ መካከል አፈሩን እየጎተተ ያወጣዋል። በአንድ ክትርና በሚቀጥለው መካከል ያለውን ርቀት በተመለከተ፣ በአገራችን የተፋሰስ መመሪያ የሚሠራበት ስሌት የክትሩን ከፍታ በ1.2 አባዝቶ ለተዳፋቱ ማካፈል ነው፤ 1 ሜትር ከፍታ ያለው ክትር 10 በመቶ (0.1) ተዳፋት ላይ ሲሠራ ርቀቱ 12 ሜትር ይሆናል ማለት ነው።

የአሞላሉ ነገር ለብቻው ሊነሣ ይገባዋል። ድንጋዩ ከመረቡ ቀዳዳ መብለጥ ስላለበት ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው ይመረጣል፤ ክብ የወንዝ ድንጋይ ስለሚንሸራተት ማዕዘን ያለው የተፈለጠ ድንጋይ ይሻላል፣ በእጅም ተደርድሮ እንደ ካብ መግባት አለበት እንጂ በአካፋ መወርወር የለበትም። ሳጥኑ ሲሦው ሲሞላ የፊትና የኋላ ግድግዳዎቹን የሚያገናኝ ሽቦ ይታሰራል፣ ሁለት ሦስተኛው ሲሞላም ይደገማል። በዘመቻ ሥራ ላይ ቀኑ ሲመሽ መጀመሪያ የሚቀረው ይህ ማሰሪያ ነው። ውጤቱም ወዲያው ይታያል፤ ሳጥኑ ሆዱ ይነፋል፣ መክደኛውም አልገጥም ስለሚል በዲጂኖ እየተጎተተ በግድ ይታሰራል። ጎን ለጎን ያሉ ሳጥኖች ደግሞ በጠርዛቸው ሁሉ ዳር እስከ ዳር መሰፋት አለባቸው፤ በየአንዳንድ ሜትሩ ቋጥሮ መተው ሳጥኖቹን የተሰለፉ ብቸኛ ድንጋዮች ያደርጋቸዋል።

አፈሩም ድርሻ አለው። በመረሬ አፈር ላይ የተቆረጠ ቦረቦር በላዩ ከሚሮጠው ውኃ ይልቅ ከሥሩ በሚመጣው ይጎዳል። ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ በደብረ ማዊ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት የከርሰ ምድር ውኃው ከቦረቦሩ ወለል በላይ ሲወጣ ዳሩ ውኃ ጠግቦ እየተገነጠለ ይወርዳል። እንዲህ ባለ ቦታ ከባድ ሳጥን መትከል ዋጋ የለውም፤ ዳሩ ከጎኑ እየተደረመሰ ያልፈዋል። መጀመሪያ የቦረቦሩን ራስ ማዝገምና ገደሉን ማስተኛት፣ ውኃውን ከላይ በቦይ ማዞር፣ ከዚያም በሣር ማልበስ ይቀድማል። ሳጥን ሻጩ ይህን አይነግርም፤ ሥራውም አይደለም።

ስለ ናዳ ደግሞ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። በመንገድ ዳር ሁለት ሦስት ሜትር ከፍታ ያለውን ልል ተዳፋት ግርጌውን ለመያዝ ጋቢዮን ተስማሚ ነው፤ ውኃ ስለሚያሳልፍ ከኋላው ግፊት አይጠራቀምም፣ ይህም ከሲሚንቶ ግንብ ያስበልጠዋል። ጥልቅ ሆኖ የሚንሸራተት ተራራ ግን ሌላ ነገር ነው። በዓባይ በረሃ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለውን መንገድ የሚጎትተውን መሬት የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ከጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ኤጀንሲ ጋር ሆኖ ያጠናው በዚህ ምክንያት ነው፤ እንዲህ ባለ ቦታ የሚቀድመው የመንሸራተቱን ጥልቀትና ፍጥነት መለካት፣ ውኃውንም ከመሬቱ ውስጥ ማስወጣት ነው። በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከባድ ዝናብን ተከትሎ የደረሰው ናዳ ከ200 በላይ ሰው ሲገድል፣ ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡና ሁለተኛው የደረሰባቸው ሰዎች ነበሩ። ያን የሚይዝ ሳጥን በየትኛውም ገበያ የለም። ለእንዲህ ያለ ቀበሌ በጀት ይዞ ወደ ሱቅ ከመሄድ ይልቅ የዝናብ መለኪያ መትከል፣ በተዳፋቱ ላይ ስንጥቅ በታየበት በግራና በቀኝ ችካል መትቶ ርቀቱን በየቀኑ መለካት፣ ችካሎቹም ሲራራቁ ሰው ከሥሩ ማንሣት ይቀድማል፤ የመጀመሪያው ናዳ ከወረደ በኋላም ፍለጋው ከላይ ያለውን ተዳፋት የሚጠብቅ ሰው ሳይቆም መጀመር የለበትም።

ትልልቅ ድንጋይ እየተንከባለለ በሚወርድበት ሸለቆም ጋቢዮን አቅሙ ያንሳል፤ በአንድ ክረምት የማፍሰሻው ሽቦ ይፈጫል። በስዊዘርላንድ ቫሌ ግዛት በኢልግራበን ሸለቆ በየዓመቱ የጭቃና የድንጋይ ጎርፍ ስለሚወርድ፣ ከኮንክሪት ክትሮቹ በተጨማሪ የመሬቱን ንዝረት የሚያዳምጡ ጂኦፎኖች ከታች ያሉትን ሰዎች ያስጠነቅቃሉ። የእኛዋ ድሬዳዋ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የደቻቱ ጎርፍ ሲመጣባት ከ250 በላይ ሰው አጥታለች፤ ውኃው የተሰበሰበው ከከተማዋ በላይ ባሉት ተራሮች ነበር። በወንዝ ዳር የሚደረደር ጋቢዮን ዳሩን ይጠብቃል፣ የተኛን ሰው ግን አይቀሰቅስም።

ደለልን በተመለከተ ጋቢዮን አንድ ያልተነገረለት ጥቅም አለው፤ መለኪያ ሊሆን ይችላል። በክትሩ ጀርባ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ቀለም የተቀባ ግንድ ቢቆም፣ ከእያንዳንዱ ትልቅ ዝናብ በኋላ ደለሉ ስንት እንደሞላ መመዝገብ የማንም ገበሬ ሥራ ሊሆን ይችላል። በአንጀኒ፣ በአንዲት ጥድና በማይባር የተፋሰስ ምርምር ጣቢያዎች እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የተሠራው በመሠረቱ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም፤ ውኃው ሲደፈርስ አንድ ሊትር በሚይዝ ጠርሙስ በየ10 ደቂቃው ናሙና እየተቀዳ ደለሉ ይመዘን ነበር። አገሪቱ ስለ አፈር መሸርሸር ካላት እውቀት ብዙው የወጣው ከእነዚያ ጠርሙሶች ነው። ቁጥሩ ለታች ላሉትም ይጠቅማል፤ እ.ኤ.አ. በ1960 የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ ከላይኛው አዋሽ በሚወርድ ደለል አቅሙ እየጠበበ መምጣቱን ለሚያውቅ፣ ላይ የተያዘ እያንዳንዱ ሜትር ኩብ አፈር ትርጉም አለው። ክትሩ እስከ ማፍሰሻው ከሞላ በኋላ ደለል መያዙ ያበቃል፤ ሆኖም የተኛው አፈር እርጥበት ስለሚይዝ ዝሆኔ ሣር ወይም ሰስባኒያ የተባለው ቁጥቋጦ ቢተከልበት ሽቦው ሲያረጅ ሥሩ ይተካዋል። ይህ ካልተደረገ ግን ሽቦው በዛገ ዓመት የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ጎርፍ ይወርዳል።

ለመግዛት የቆረጠ ሰው በጨረታ ሰነዱ ላይ የሽቦውን ውፍረት፣ የዚንኩን መጠን፣ የቀዳዳውን ልክና ድርብ ጥምዘዛ መሆኑን ይጻፍ፤ ርክክቡንም በካሊፐርና በፒንሳ ያድርግ። ማሰሪያ ሽቦ ሁልጊዜ ስለሚያንስ ለብቻው ጨምሮ ይዘዝ፤ ጥቂት ጥቅልም ለጥገና በቀበሌው መጋዘን ያስቀር። ከወጪው ትልቁ ድርሻ ድንጋይ መልቀሙና መሸከሙ ስለሆነ በሽቦው ላይ የሚገኘው ቁጠባ ሙሉውን ሥራ ለአደጋ ያጋልጣል። ለጠንካራው ቦታ የፋብሪካውን፣ ለመካከለኛው ደግሞ ናሙናው የተፈተነለትን የማኅበር ሥራ እመርጣለሁ። የተከላው ጊዜ ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ደረቅ ወቅት ይሁን፤ ሰኔ ከገባ በኋላ የተከፈተ መሠረት በመጀመሪያው ጎርፍ ራሱ ቦረቦር ይሆናል። የትከሻና የአፕሮን ምርመራ ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ ማግስት እንዲደረግ ኃላፊው በስም ተለይቶ በውሉ ላይ ካልተጻፈ፣ ግዢውን ለሚቀጥለው ዓመት ማቆየት ይሻላል።